የአቪዬሽን፣ የሮኬትና የቴክኖሎጂ ታሪክ ቪዲዮዎች፦ ደሴ ላይ ሆኖ ለሚመለከት ሰው የትኞቹ ይበጃሉ?

ደሴ ውስጥ የአቪዬሽን ሙዚየም የለም፤ ኮምቦልቻም የለም። የአካባቢያችን ወጣት አውሮፕላንን ቀረብ ብሎ ማየት ሲፈልግ ያለው ዕድል የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ወደ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ መሄድና ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባለ ሁለት ሞተር ኪው 400 ሲያርፍና ሲነሣ መመልከት ነው። ሮኬትን በዓይን ማየትማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ስለ በረራ፣ ስለ ሮኬትና ስለ ቴክኖሎጂ ታሪክ ማወቅ ለሚሻ የወሎ ሰው በኢንተርኔት የሚገኙ ቪዲዮዎች ሙዚየሙንም፣ ቤተ መጻሕፍቱንም፣ ቤተ ሙከራውንም ተክተው ያገለግላሉ። እኔ ደሴ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ለተማሪዎቼ የሚሆኑ ቪዲዮዎችን ስፈልግና ስመርጥ ብዙ ጊዜ ያሳለፍሁ በመሆኑ፣ ይህ ግምገማ ሌሎች መምህራንንና ወላጆችን ከዚያ ድካም በጥቂቱ ያሳርፋቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ቻናሎቹን የመዘንሁት በአንድ ጥያቄ ነው፤ ተራኪው የሚነግረንን ነገር ከየት እንዳገኘው ያሳያል ወይስ አያሳይም? የምስሉ ጥራት፣ የድምፁ ማማርና የሙዚቃው ቅንብር ከዚህ በኋላ የሚታዩ ናቸው። ይህን መለኪያ ማስቀደሜ ምክንያት አለው። በዚህ ዘርፍ ከሚለቀቁት ቪዲዮዎች እጅግ ብዙዎቹ አንዱ ከሌላው የገለበጣቸው ናቸው፤ በቅርብ ጊዜ ደግሞ ጽሑፉም፣ ድምፁም፣ ምስሉም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተመረተው ስለበዛ፣ ርዕሱን ብቻ አይቶ የሚከፍት ሰው ዳታውንም ጊዜውንም ያባክናል።

ጠንቃቃውን ተራኪ ከግዴለሹ ለመለየት ግን ብዙ ማየት አያስፈልግም። ስለ ራይት ወንድማማቾች የተሠራ ቪዲዮ ከፍታችሁ፣ ተራኪው የዲሴምበር 17 ቀን 1903 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ በረራ ይኸውላችሁ እያለ ተንቀሳቃሽ ምስል ካሳያችሁ ቪዲዮውን ዝጉት። በዚያ ዕለት ኪቲ ሆክ አጠገብ በነበረው አሸዋማ ሜዳ ላይ የፊልም ካሜራ አልነበረም። 12 ሰከንድ ፈጅቶ 36 ሜትር ገደማ ለተጓዘው ለዚያ የመጀመሪያ በረራ ያለን ምስል፣ በአካባቢው የባሕር ነፍስ አድን ጣቢያ ይሠራ የነበረው ጆን ዳንኤልስ ያነሣው አንድ ፎቶግራፍ ነው። ብዙ ጊዜ በማስረጃነት የሚቀርቡት ፊልሞች ዊልበር ራይት ፈረንሳይ ሄዶ በሕዝብ ፊት መብረር ከጀመረበት ከ1908 ወዲህ የተቀረጹ ናቸው። የጨረቃ ጉዞ ቪዲዮዎችም እንዲሁ ይፈተናሉ። የሳተርን 5 ሮኬት የታችኛው ክፍል ከተላቀቀ በኋላ አንድ ሰፊ ቀለበት በሞተሮቹ ነበልባል እየተለበለበ ወደ ታች ሲወድቅ የሚያሳየው ዝነኛ ምስል በአፖሎ 11 ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይገባል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ምስል የተገኘው ሰው ካልተሳፈረባቸው ከ1967ቱ አፖሎ 4 እና ከ1968ቱ አፖሎ 6 ሲሆን፣ ካሜራዎቹ በልዩ ዕቃ ውስጥ ሆነው በፓራሹት ባሕር ላይ ከወደቁ በኋላ ተለቅመው የተገኙ ናቸው። ኃላፊነት የሚሰማው ተራኪ ምስሉን ቢጠቀምበት እንኳ ከየት እንደ ወሰደው ከሥሩ ይጽፋል።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምጠቀምበት መፈተኛ የኮሜት አውሮፕላን ታሪክ ነው። እንግሊዝ የሠራችው ይህ የመጀመሪያው የመንገደኞች ጄት በ1954 እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን ኤልባ ደሴት አጠገብ፣ ኤፕሪል 8 ቀን ደግሞ ከናፖሊ በስተደቡብ በአየር ላይ ተበታትኖ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ችኩሉ ተራኪ መስኮቶቹ አራት ማዕዘን ስለነበሩ ነው ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል። ጥሩው ተራኪ የእንግሊዝ የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ወደነበረበት ወደ ፋርንቦሮ ይወስደናል፤ መርማሪዎቹ አንድ ሙሉ የኮሜት አካል ትልቅ የውኃ ጋን ውስጥ ዘፍቀው፣ አውሮፕላኑ ከፍታ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የሚደርስበትን ግፊት በውኃ እየሞሉና እያስተነፈሱ እንዴት እንደደገሙት ያሳየናል። በአየር ፈንታ ውኃ የመረጡት ውኃ እንደ አየር ስለማይታመቅ፣ አካሉ ሲሰነጠቅ እንደ ቦንብ እንዳይፈነዳና ስንጥቁ የጀመረበት ቦታ ሳይጠፋ እንዲቀር ነው። ያ አካል በእውነተኛ በረራ 1,221 ጊዜ፣ ከዚያም በጋኑ ውስጥ 1,836 ጊዜ ግፊቱን ከቻለ በኋላ ተቀደደ። ከኤልባ ባሕር በወጣው ስብርባሪ ላይ ደግሞ ስንጥቁ የተነሣው ተሳፋሪ ከሚያይበት መስኮት ሳይሆን፣ ለአቅጣጫ መፈለጊያ ሬዲዮ አንቴና ጣራው ላይ ከተከፈተው ቀዳዳ ጥግ፣ ከአንድ የብሎን ምስማር ቀዳዳ አጠገብ መሆኑ ታወቀ። ይህን ሁሉ የሚተርክ ቪዲዮ ለአሥራ አንደኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስለ ብረት ድካም፣ ማለትም ብረት በተደጋጋሚ ጫና ስለ መሰንጠቁ፣ ከአንድ ምዕራፍ የበለጠ ያስተምራል።

አሁን ወደ ቻናሎቹ ልግባ። በሮኬት ዘርፍ በቅድሚያ የምጠቅሰው ኤቭሪዴይ አስትሮኖት የተባለውን ነው። አዘጋጁ ቲም ዶድ የምሕንድስና ዲግሪ ያለው ሰው አይደለም፤ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ይህ ታሪኩ ለእኔ ጉድለት ሆኖ አልታየኝም፤ ነገሩን ራሱ ከመሠረቱ እየተማረ ስለሚያስረዳ ተመልካቹ የት ላይ እንደሚደናገር ያውቃል። በተለይ ስለ ሶቪየት የሮኬት ሞተሮች የዘር ሐረግ የሠራው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጀው ቪዲዮ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነው። ትልቅ የማቃጠያ ክፍል ያለው ሞተር ሲሠራ በውስጡ ያለው እሳት አልረጋ ይልና ግፊቱ ወዲያና ወዲህ እየተላተመ ሞተሩን በቅጽበት ይሰባብረዋል። አሜሪካውያን በሳተርን 5 የታችኛው ክፍል ሞተር፣ በኤፍ 1 ላይ ይህ ሲገጥማቸው፣ በሚሠራው ሞተር ውስጥ ትንንሽ ፈንጂ ሆን ብለው እያፈነዱ፣ እሳቱ ራሱን እስኪያረጋጋ ድረስ የነዳጅ መርጫውን ሳህን ቅርጽ ደጋግመው ቀየሩት፤ በመጨረሻ ላይም መርጫውን በመለያ ግድግዳዎች ከፋፍለው፣ ሁከቱ ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሚከስም ሞተር አገኙ። የሶቪየቱ የሞተር ነዳፊ ቫለንቲን ግሉሽኮ ደግሞ ችግሩን በሌላ መንገድ ዞረው፤ አንዱን ትልቅ ክፍል ትቶ፣ አራት ትንንሽ ማቃጠያ ክፍሎችን በአንድ ፓምፕ የሚመግብ አርዲ 107 የተባለ ሞተር ሠራ። የመጀመሪያዋን ሳተላይት ስፑትኒክን በ1957፣ የመጀመሪያውን የሕዋ ተጓዥ ጋጋሪንን በ1961 ያነሣው ይኸው የሞተር ዓይነት ነው፤ የተሻሻለው ዝርያው ዛሬም በሶዩዝ ሮኬት ላይ ይሠራል። አንድን ችግር ሁለት አገሮች በሁለት መንገድ ሲፈቱት ጎን ለጎን አቅርቦ ማሳየት ለተማሪ እጅግ ጠቃሚ ነው።

ያው ዘርፍ ስለ ኤንኬ 33 ሞተር የሚተርክም ክፍል አለው፤ ይህን ማለፍ አልችልም። ሶቪየቶች ሰውን ጨረቃ ላይ ለማድረስ ያሰቡበት ኤን 1 ሮኬት ሲሰረዝ፣ ኒኮላይ ኩዝኔትሶቭ የነደፋቸው እነዚህ ሞተሮች እንዲወድሙ ትእዛዝ ተላልፎ ነበር፤ ሞተሮቹ ግን በመጋዘን ተደብቀው ለሃያ ዓመታት ያህል ከቆዩ በኋላ በ1990ዎቹ ወደ አሜሪካ ተሸጡ። ተሻሽለው አንታረስ በተባለው ሮኬት ላይ ከተገጠሙ በኋላ ግን ኦክቶበር 28 ቀን 2014 ሮኬቱ ከተነሣ ከሰከንዶች በኋላ ፈነዳ። ደካማ ቪዲዮዎች ይህን ታሪክ የሚጨርሱት ሩሲያውያን አሜሪካውያንን አስደነቁ በሚለው ላይ ነው፤ ፍንዳታውን አይጠቅሱም። ታሪኩን እስከ መጨረሻው የሚነግረውን ምረጡ።

ስኮት ማንሊም በዚሁ ዘርፍ የታመነ ነው። አስትሮፊዚክስ የተማረ ስኮትላንዳዊ ሲሆን፣ አንድ ሮኬት ሲከሽፍ የታየውን ምስል እያቆመና እያስኬደ ምን እንደተፈጠረ ያስረዳል፤ የሚገምተውንና የሚያውቀውን ለይቶ መናገሩ ትልቅ ጸጋው ነው። ንግግሩ ግን ፈጣን ነው፤ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ብቻ ለተማረ ሰው የቪዲዮውን ፍጥነት ወደ 0.75 ዝቅ ማድረግ ይረዳል።

ከሁሉም በላይ ልቤን የማረከው ግን የኪዩሪየስ ማርክ ቻናል ነው። አሮጌ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎችን እየጠገነ የሚያሳይ ሲሆን፣ በ2018 እና በ2019 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አንድ እውነተኛ የአፖሎ መምሪያ ኮምፒውተርን እንደገና ወደ ሥራ መልሷል። ሥራውን በተከታታይ ቪዲዮዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስላሳየ፣ ተመልካቹ የሚጠቅም ነገር የሚያገኘው ከተሳካው ውጤት ይልቅ ከመካከሉ ነው፤ አንዱ መሥመር አልሠራ ሲል፣ ሥዕላዊ ንድፉን ዘርግተው ሲከራከሩ፣ በመለኪያ መሣሪያ እያንዳንዱን እግር ሲፈትሹ ማየት ጥገና ማለት ምን እንደሆነ ያስተምራል። ደሴ ፒያሳ ላይ ሞባይልና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ወጣቶች ይህን ተከታታይ ቢያዩ ከማናቸውም የኮሌጅ ተማሪ ቀድመው ይገባቸዋል ብዬ አስባለሁ።

በዚህ ተከታታይ ውስጥ በቅርብ ሊታይ የሚገባው ነገር የኮምፒውተሩ ቋሚ ሚሞሪ ነው። ፕሮግራሙ የተጻፈው በማግኔት ወይም በሲሊከን ላይ ሳይሆን በሽቦ ነበር። ትንንሽ የማግኔት ቀለበቶች ተደርድረው፣ ቀጭን ሽቦ በቀለበቱ መካከል ካለፈ 1፣ በውጭ ካለፈ 0 ተብሎ ይነበባል። ይህን ሥራ የሠሩት ማሳቹሴትስ ውስጥ ዋልታም በተባለው ከተማ በሬይቴዮን ፋብሪካ የነበሩ ሴቶች ናቸው፤ በተበሳሳ የወረቀት ጥብጣብ የሚታዘዝ መሣሪያ ቀጣዩን ቀዳዳ ፊታቸው ሲያመጣላቸው፣ እነሱ ሽቦ የተሰካበትን መርፌ ያሳልፉ ነበር። በዚህ መንገድ 36,864 ቃላት የሚይዝ ሚሞሪ ተሸመነ፤ ሊጻፍበትና ሊሰረዝበት የሚችለው ሌላው ሚሞሪ 2,048 ቃላት ብቻ ነበረው። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ በወሎ ገጠርም ድርና ማግ ምን እንደሆነ የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ቪዲዮውን ለክፍሌ ባሳየሁ ጊዜ እናቷ ጥጥ የምትፈትል አንዲት ተማሪ፣ «ቲቸር፣ አንዱን ክር ቢስቱትስ ፈትተው ያወጡታል ወይስ ጠቅላላው ይበላሻል?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ መሐንዲሶቹን ራሳቸውን ያስጨነቀ ነበር፤ አንዴ ተሸምኖ ከታሸገ በኋላ ስሕተትን ማረም እጅግ አድካሚ ስለነበረ፣ ፕሮግራሙ ወደ ፋብሪካ ከመሄዱ ከብዙ ጊዜ በፊት ተፈትሾ ማለቅ ነበረበት።

ረጅም ነገር ለሚታገሥ ሰው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በተለምዶ ኤምአይቲ የሚባለው፣ በነጻ የለቀቃቸው ትምህርቶች ወደር የላቸውም። በ2005 እ.ኤ.አ. የተሰጠውና ቁጥሩ 16.885 የሆነው የአውሮፕላን ሥርዓቶች ምሕንድስና ኮርስ ሙሉ በሙሉ የሚያተኩረው ስፔስ ሸትል በተባለው የአሜሪካ ተመላላሽ የጠፈር መንኮራኩር ላይ ነው። ያስተባበሩት በመንኮራኩር አምስት ጊዜ የተጓዘውና በ1993 ሃብል ቴሌስኮፕን ከጠገኑት አንዱ የሆነው ጄፍሪ ሆፍማን፣ እንዲሁም የመንኮራኩሩን ሥራ በናሳ የመራው አሮን ኮኸን ናቸው። ተናጋሪዎቹ መንኮራኩሩን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ የበረራ ቁጥጥርን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ክሪስ ክራፍት፣ የመንኮራኩሩን አካል ንድፍ የመራው ቶም ሞዘርና ሌሎችም በተራ እየመጡ ለምን ይህን መረጥን፣ ምን ተሳሳትን፣ ገንዘቡ ሲያንስ ምን ቀነስን እያሉ ይናገራሉ። ይህ ዓይነቱ ምስክርነት በየትኛውም የተዋበ ዘጋቢ ፊልም አይገኝም። ጉድለቱ አንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ሰዓት ገደማ መሆኑና በስክሪኑ ላይ ያሉት ሥዕሎች በትንሽ ስልክ የማይነበቡ መሆናቸው ነው፤ በኮርሱ ገጽ ላይ የተቀመጡትን የማስታወሻ ፋይሎች አስቀድሞ ማውረድ ይህን ይፈታል። ድምፁን ብቻ መስማትም ይቻላል፤ ከደሴ ኮምቦልቻ በሚመላለስ ሰው ጆሮ በደንብ ይገባል።

ያው ተቋም በ2019 እ.ኤ.አ. የለቀቀው የግል አብራሪዎች የመሬት ላይ ሥልጠና ደግሞ ለጀማሪ የተሻለ ነው። አየር ማረፊያው ከደሴ ይልቅ ኮምቦልቻ ላይ ለምን እንደሆነ ለጠየቀኝ ተማሪ መልሱ በከፊል የመሬት አቀማመጥ ነው፤ ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተራራ ጥግ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሌላው ግን አየሩ ነው። ከ1,800 ሜትር በላይ በሆነው በኮምቦልቻ እንኳ ቀን ላይ ሲሞቅ አየሩ ስለሚሳሳ ክንፉ የሚያገኘው ማንሻ ኃይል፣ ሞተሩ የሚያመነጨው ጉልበትና ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ሁሉም ይቀንሳሉ፤ አውሮፕላኑም ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። ኮርሱ ይህን በግራፍና በስሌት ያሳያል።

የድሮ ፊልም መዛግብትን በተመለከተ ጠለቅ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ዘርፍ ለደሴ ሰው የቀረበው ታሪክ ያለው እዚያ ነው። ብሪቲሽ ፓቴ የተባለው የዜና ፊልም ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. 85,000 ፊልሞችን በዩቲዩብ ላይ በነጻ ለቅቋል፤ የጣሊያኑ ሉቼ ተቋምም መዝገቡን ለሕዝብ ከፍቷል። በሁለቱም ውስጥ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ኢትዮጵያን የወረረችበትን ጦርነት የሚመለከቱ ፊልሞች አሉ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦንብ ሲደበድቡ፣ የቀይ መስቀል ሆስፒታል ሳይቀር ሲመታ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በከተማዋ ነበሩ፤ ራሳቸውም መትረየስ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ ተኩሰዋል። የውጭ አገር ጋዜጠኞችም በቦታው ስለነበሩ ወሬው ወዲያው ወደ ዓለም ተላለፈ። የአየር ኃይል ታሪክ የሚያጠና ሰው ስለ ለንደንና ስለ ድሬስደን ድብደባ ብቻ አይቶ ይህን ካለፈ ታሪኩን ከመካከሉ ጀምሯል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ እነዚህን ፊልሞች ሲያዩ ጥንቃቄ ያሻል። ሉቼ በ1924 እ.ኤ.አ. የተመሠረተና በሙሶሊኒ ዘመን የመንግሥቱ ፕሮፓጋንዳ መሣሪያ የነበረ ተቋም ነው፤ ካሜራው የካፕሮኒ አውሮፕላኖችን በሰልፍ ሲበሩ ያሳያል፣ ቦንቡ ከወደቀበት ቦታ ግን አይደርስም፤ የመርዝ ጋዙንም ነገር ጨርሶ አያነሣም። የእንግሊዙ ዜናም ቢሆን ኢትዮጵያውያንን ከሩቅ እንደሚታዩ ሰዎች አድርጎ የማቅረብ ልማድ አለው። ከእነዚህ ፊልሞች አንዱን በሰፈራችን ለሚኖሩ አንድ አዛውንት በስልኬ ባሳየኋቸው ጊዜ፣ አውሮፕላኖቹን ትተው ከኋላ ያለውን ተራራ በጣታቸው እየተከተሉ፣ «ልጄ፣ እስቲ መልሰው፤ እዚህ ሥር እኮ ቤት ነበረ፤ አባቴ ሲነግሩን የነበረው ይኸን ነው» አሉኝ። ተራኪው ያላወቀውን እሳቸው አወቁት። የመዝገብ ፊልም እንዲህ ባለ ሰው አጠገብ ሲታይ ጥቅሙ እጥፍ ይሆናል።

ከመዛግብት ሳልወጣ ስለ ፔሪስኮፕ ፊልም ልጨምር። የጦር ሠራዊትና የፋብሪካ የሥልጠና ፊልሞችን ከአሮጌ ጥቅል እየገለበጠ የሚለቅ ድርጅት ነው። በምስሉ ሥር የሚሮጥ የሰዓት ቁጥር ስላለ መጀመሪያ ላይ ዓይን ይረብሻል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ይረሳል። እንዲህ ያሉ የሥልጠና ፊልሞች ለአሥራ ስምንት ዓመት ምልምል የተዘጋጁ ስለነበሩ በማስረዳት ችሎታቸው ዛሬ ከሚሠሩት ብዙዎቹን ይበልጣሉ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1953 ያዘጋጀው፣ በጥርሳም ጎማ፣ በዘንግና ካም በተባለ ቅርጹ ክብ ያልሆነ ተሽከርካሪ ብረት ብቻ የሚደምሩና የሚያባዙ የመድፍ ማነጣጠሪያ ኮምፒውተሮችን የሚያስረዳው ፊልም በብዙ ቻናሎች ላይ ይገኛል፤ በኮምቦልቻ ሜካኒካል ምሕንድስና ለሚማር ሰው ሳያይ ባይመረቅ እወዳለሁ። ድምፅን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በድሮ ፊልም ላይ የምንሰማው ድምፅ ሁልጊዜ ከምስሉ ጋር የተቀዳ አይደለም። የሂንደንበርግ አየር መርከብ ሜይ 6 ቀን 1937 ሲቃጠል የሚሰማው የሄርበርት ሞሪሰን የሬዲዮ ዘገባ ለብቻው በዲስክ የተቀዳ ሲሆን ከፊልሙ ጋር የተጣመረው በኋላ ነው።

ስለ አደጋ የሚተርኩ ቻናሎች ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቀላል ጉዳይ አይደሉም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን፣ ከቦሌ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ወድቆ 157 ሰዎች አልቀዋል፤ ከእኛ ብዙዎቻችን የሚያውቁትን ሰው ወይም የሚያውቁትን ሰው ዘመድ ያጡ ናቸው። በዚህ ላይ የበረራ ሲሙሌተር ምስል እየለጠፉ እውነተኛ ቀረጻ አስመስለው የሚያቀርቡ፣ በጩኸትና በሙዚቃ የሚያጅቡ ቪዲዮዎች አሉ፤ ልጆች እንዳያዩአቸው እመክራለሁ። ከዚህ በተቃራኒ ሜንቶር ፓይለት የተባለው ቻናል አዘጋጅ ስዊድናዊው ፔተር ሆርንፌልት ራሱ በአየር መንገድ አብራሪነት የሠራ ሲሆን፣ ትረካውን በይፋዊ የምርመራ ሪፖርቶች ላይ ይመሠርታል፤ ሲሙሌተር ሲጠቀምም ማሳያ መሆኑ ግልጽ ነው፤ የሞቱትን አብራሪዎችም በክብር ያነሣል። ስለ 737 ማክስ ማንኛውንም ቪዲዮ ሲመዝኑ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ከአንድ ብቻ የአየር አቅጣጫ መለኪያ መረጃ እየወሰደ አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋ እንደነበረ ይናገራል? ከአምስት ወር በፊት በኦክቶበር 2018 የወደቀውን የላየን ኤር አውሮፕላን ያነሣል? በዲሴምበር 2022 የወጣውን የኢትዮጵያን የመጨረሻ ሪፖርትና የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በአብራሪዎቹ አያያዝ ላይ ያቀረበውን የተለየ አስተያየት ሁለቱንም ያቀርባል? አንደኛውን ወገን ብቻ የሚያቀርበው ያገር ልጅም ቢሆን አላምነውም።

በአማርኛ የተዘጋጀው በጣም ጥቂት ነው፤ ካለውም የሚበዛው ከእንግሊዝኛ ቪዲዮ ላይ ተገልብጦ በማጋነን የቀረበ ነው። የሚያሳዝነው ርዕስ ጠፍቶ አለመሆኑ ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን ፖቴዝ 25 ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ማረፉ፣ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች መካከል ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ እንዴት እንደሠለጠኑ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን በዳግላስ ሲ 47 ማድረጉ፣ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ቪዲዮ ይወጣዋል። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር በአዲስ አበባ የሠራት ፀሐይ የተባለችው አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ማለትም ደሴ በተደበደበች በ12ኛው ቀን ነው፤ ጣሊያን ወስዷት ከቆየች በኋላ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለአገሯ ተመልሳለች። ስለ መመለሷ የተሠሩ የአማርኛ ዘገባዎች ብዙ ናቸው፤ ክንፏ ከምን እንደተሠራ፣ ሞተሯ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደተነደፈች የሚያስረዳ ግን አላገኘሁም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ሕዋ ስለመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችንም እንዲሁ ነው፤ የደስታው ንግግር ተቀርጿል፣ ሳተላይቷ ምን ዓይነት ካሜራ ይዛ እንደመጠቀችና ምስሉ እንዴት ወደ እንጦጦ ይወርድ እንደነበረ ግን በአማርኛ በሥርዓቱ አልተተረከም። የራስ ሰር የግርጌ ጽሑፍ ትርጉም ይህን ክፍተት አይሞላም፤ ምሕንድስና ነክ ነገር ሲመጣ ትርጉሙ ይዘባረቃል፣ ስለዚህ ለተማሪ የእንግሊዝኛውን የግርጌ ጽሑፍ ማብራት ይሻላል።

ስለ አጠቃቀም ጥቂት ልጨምር። ኔትወርክ በሚቆራረጥባቸው ቀናት ረጅም ቪዲዮ በቀጥታ ለማየት መሞከር ያደክማል፤ ሌሊት በሚሠራ ፓኬጅ አስቀድሞ ማውረድ ወይም ከኢንተርኔት ቤት በፍላሽ መጫን ይቀላል። ለትምህርቶቹና ለድሮ ፊልሞቹ 360 ፒ ከበቂ በላይ ነው፤ ድሮውንም ጥቁርና ነጭ የሆነውን ፊልም በከፍተኛ ጥራት መክፈት ዳታ ከመጨረስ በቀር ትርጉም የለውም። ከፍ ያለ ጥራት የሚያስፈልገው ለኪዩሪየስ ማርክ ነው፤ ሽቦዎቹ ካልታዩ የሥራው ግማሽ ይቀራል። ፕሮጀክተር ያለው ትምህርት ቤት በኮሜት ምርመራ ይጀምር፣ ቀጥሎ የሚሞሪውን ሽመና ያሳይ፤ የኤምአይቲውን ትምህርት ደግሞ በክፍል ውስጥ ከማሳየት ይልቅ ፍላጎቱ ላላቸው ተማሪዎች በሚሞሪ ካርድ ጭኖ ወደ ቤታቸው ይዘው እንዲሄዱ ማድረግ ይሻላል።